የጉድጓዳችን ውሃ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ቫይረስ ይጨመርበት?

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ሰላም ጋሼ እንደምን ከረሙ። ትንሽ ፔንሲዮን አለችኝ፣ የቧንቧው ውሃ በፈረቃ ስለሆነ አምና በቀለበት የታሰረ ጉድጓድ አስቆፈርኩ፣ 18 ሜትር ነው፣ ውሃው 3 ሜትር ያህል ይቆማል። መጀመሪያ ኩልል ያለ ነበር አሁን ግን የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ጠዋት ስከፍተው ጥቁር ጥቁር ነገር ይዞ ይወጣል፣ እንግዳ ለውዱእ ሲታጠብ ፊቱን ያዞራል፣ ቡናውም ከአቦሉ ጀምሮ ሌላ ጣእም አመጣ። ከእናቴ የወረስኩትን የብር ድሪ አጥቤበት ጠቆረብኝ። የብረት ቧንቧው ደሞ በዓመቱ ተበሳ፣ የቧንቧ ሰራተኛው ብረቱ ፎርጂድ ነው ብሎኝ ሄደ። ልጄ ዩቱብ ላይ አይቶ ባክቴሪያ የሚገድል ቫይረስ አለ እሱን እናስመጣ ይለኛል፣ ቫይረስ ውሃ ውስጥ ይጨመራል እንዴ? ባለቤቴ ቅዳሜ ሰው አውርዶ ጉድጓዱን ሊያስጠርግ ነው።

መልስ፦ እታለም አብሽሪ፣ ውሃው ይስተካከላል። ግን በፈጠረሽ፣ ቅዳሜ ማንም ሰው እዛ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይወርድ። ቀሪውን ሳታነቢ በፊት ለባለቤትሽ ደውዪለት።

የሚሸትሽ ጋዝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል። ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፣ ደለሉ ሲነካካ ደሞ ታምቆ የነበረው ባንዴ ይለቀቃል። የሱ ክፋት ምን መሰለሽ፣ ትንሽ ሲሆን በጣም ይሸታል ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፣ በአየሩ ውስጥ ከሚሊዮን እጅ ከ100 እስከ 150 እጅ ሲደርስ ሽታው የጠፋ ይመስላል፣ ሰውየው አሁንማ ተሻለ እያለ ቁልቁል ይወርዳል። ከ500 በላይ ሲሆን ራስ ያስታል፣ ወደ 1000 ሲጠጋ ትንፋሽ ሁለት ትንፋሽ ነው። እኛ አገር ኩራዝ በገመድ አውርዶ ካልጠፋ ሰላም ነው ማለት የተለመደ ነው፣ ይሄ በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ኩራዝ የሚጠፋው ኦክስጅን ሲያንስ ነው እንጂ ሰው በሚገድል ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ውስጥ ቦግ ብሎ ይበራል። አንዱ ሲወድቅ ደሞ ሁለተኛው ወንድሜን ብሎ ይገባና እሱም እዛው ይቀራል። ደለሉ በፓምፕ ከላይ ሆኖ ይወጣል፣ የግድ ሰው ይግባ ከተባለ ጋዝ የሚለካ መሳሪያ፣ አየር የሚነፋ ማሽን እና የመተንፈሻ መሳሪያ ያለው ባለሙያ ነው የሚገባው።

አሁን ወደ ሽታው ምንጭ። እኛ ኦክስጅን እንደምንተነፍሰው ኦክስጅን በሌለበት ሰልፌት "የሚተነፍሱ" ባክቴሪያዎች አሉ። ሰልፌት ከአለት እና ከአፈር ሟሙቶ ውሃ ውስጥ የሚገባ ማእድን ነው፣ እነሱ ደለል ውስጥ ያለውን የበሰበሰ ነገር እየበሉ ሰልፌቱን ወደ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይቀይሩታል። በ1895 ቤየሪንክ የሚባል የሆላንድ ሳይንቲስት ነው መጀመሪያ ለይቶ ያሳየው፣ ዛሬ በብዛት የሚጠቀሰው ዝርያ ዴሰልፎቪብሪዮ ይባላል። ከብረት ጋር ሲገናኝ ይሄ ጋዝ አይረን ሰልፋይድ ይሆናል፣ ጠዋት ጠዋት የምታዪው ጥቁር ነገር እሱ ነው ብዬ እገምታለሁ፣ የእናትሽን ድሪ ያጠቆረውም ያው ሰልፋይድ ነው (ድሪው አልተበላሸም፣ ብር አንጣሪ ጋ ብትወስጂው ይመለሳል)።

ቧንቧውን በተመለከተ ሰራተኛው ሳያረጋግጥ የፈረደ ይመስለኛል። ኦክስጅን በሌለበት አፈር ውስጥ ብረት እንዴት እንደሚበላ በ1934 ሁለት የሆላንድ ተመራማሪዎች ሲያብራሩ ጣታቸውን የቀሰሩት እነዚሁ ባክቴሪያዎች ላይ ነው። ቧንቧው ውስጥ እንደ ንፍጥ ያለ ሽፋን ሰርተው ስሩ ይደበቃሉ፣ ብረቱን አንድ ቦታ ላይ ቆፍረው ቆፍረው ይበሱታል፣ ከውጭ ሲያዩት ደህና የሚመስል ቧንቧ በመርፌ ቀዳዳ ያህል የሚያንጠባጥበው ለዛ ነው። የተበሳውን ቁራጭ ካልጣልሽው ደጅ አውጥተሽ ጥቁሩ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጊበት፣ የእንቁላሉ ሽታ ከበረታ ሰልፋይድ ነው ማለት ነው፣ በረኪና ግን እንዳትቀላቅዪበት አደራ። ነዳጅ የሚያወጡ ድርጅቶችም በነዚህ ምክንያት ብዙ ገንዘብ ያጣሉ፣ ቧንቧቸውም ይበላል ነዳጁም በሰልፈር ይበላሻል። ከተማ ፍሳሽ ቦይ ውስጥ ደሞ ጋዙ ወደ ጣራው ወጥቶ ሌሎች ባክቴሪያዎች ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይቀይሩትና ኮንክሪቱን እንደ ኖራ ያረግፈዋል።

የልጅሽ ነገር፣ ልጁ ልክ ነው፣ ጎበዝ በይልኝ። ባክቴሪዮፌጅ ወይም ባጭሩ ፌጅ ይባላሉ፣ ትዎርት በ1915 ዴሬል በ1917 ያገኟቸው ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቁ ቫይረሶች ናቸው። ባክቴሪያው ላይ ተለጥፎ ዘሩን ወደ ውስጥ ይወጋበታል፣ ከዛ ባክቴሪያው የራሱን ስራ ትቶ ቫይረስ ሲያመርት ይቆይና ፈንድቶ ብዙ አዳዲስ ቫይረስ ይለቃል። ሰውን አይነኩም። ጆርጂያ ትብሊሲ ውስጥ በ1923 የተመሰረተ ተቋም እስከ ዛሬ በሽተኛ ያክምባቸዋል፣ አሜሪካም በ2006 ሊስቴሪያ የሚባለውን ባክቴሪያ ለመግደል ስጋ ላይ እንዲረጩ ፈቅዳለች።

ለሰልፌት ባክቴሪያም ሀሳቡ ደስ ይላል፣ መርዛማ ኬሚካል ከመድፋት ይሻላል፣ ጠላቱ እስካለ ድረስ ራሱ ይራባል፣ ጠላቱ ሲያልቅ እሱም እየቀነሰ ይሄዳል። ችግሩ ፌጅ በጣም መራጭ ነው፣ አንዱ ፌጅ አንድ ዝርያን፣ አንዳንዴም የዛን ዝርያ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚያጠቃው፣ አንቺ ጉድጓድ ውስጥ ግን አብረው የሚኖሩት ብዙ አይነት ናቸው። ንፍጡ ሽፋን ውስጥም እንደልቡ አይገባም፣ የተረፉት ባክቴሪያዎች ይለምዱታል፣ አንዳንዱ ፌጅ ደሞ ሳይገድል ባክቴሪያው ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ለዛ ነው የተለያየ ፌጅ ቀላቅሎ መጠቀም የሚታሰበው። እና እታለም፣ ለቤት ጉድጓድ ፌጅ ነው ብሎ ጠርሙስ የሚሸጥልሽ ሰው ቢመጣ ገንዘብሽን እንዳትሰጪ።

የሚሰራልሽ ይሄ ነው። መጀመሪያ ሽታው በቀዝቃዛውም በሙቁም ነው ወይ ብለሽ ለዪ፣ በሙቁ ብቻ ከሆነ ጉድጓዱን ተዪው፣ ቦይለሩ ውስጥ ያለው የማግኒዥየም ዘንግ ነው ባክቴሪያዎቹን የሚያግዛቸው፣ በአልሙኒየም ይቀየር። በሁለቱም ከሆነ ደለሉ በፓምፕ ይውጣ፣ ከዛ ክሎሪን። ቀለበትሽ ስፋቱ 1 ሜትር ከሆነ 3 ሜትር ውሃ ማለት 2,350 ሊትር ገደማ ነው፣ 5 ፐርሰንት የሆነ ሽቶ ያልገባበት በረኪና 5 ሊትር ይበቃል። ክሎሪኑ እስኪሸትሽ ድረስ ሁሉንም ቧንቧ ክፈቺ፣ ሮቶውንም ሙዪው፣ ዝጊና ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይተኛ፣ ከዛ የክሎሪን ሽታው እስኪጠፋ አፍስሺው፣ ወደ ጓሮ አትክልት ግን አይሂድ። ንፍጡ ካልጠፋ ከሳምንታት በኋላ ሽታው ይመለሳል፣ መደጋገም ያስፈልጋል። ወደ ሮቶው የሚገባውን ውሃ እንደ ሻወር እየተበተነ እንዲወርድ አድርጊው፣ ሮቶው ግን አየር መውጫ ይኑረው፣ ብዙው ጋዝ በዛው ይወጣል። ቧንቧውን ፒፒአር በሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ቀይሪው። አንድ ነገር ደሞ አለ፣ ጥሩ የነበረ ውሃ ባንዴ መሽተት ሲጀምር የሽንት ቤት ፍሳሽ ገብቶበት ሊሆን ይችላል፣ ሽንት ቤቱ ከ30 ሜትር የቀረበ ከሆነ ውሃውን ላብራቶሪ ሳታስመረምሪ ለማንም እንዳታጠጪ፣ ለቡናም ቢሆን።

ጥያቄ (የባዮሎጂ ተማሪ፣ ከደሴ)፦ ጋሼ ይሄን ፌጅ እኛም ልንፈልገው እንችላለን? የት ነው የሚገኘው?

መልስ፦ ትችላለህ ወንድሜ፣ እንዲህ አይነት ጥያቄ ሲመጣልኝ ደስ ይለኛል። ፌጅ ያለው ባክቴሪያው ባለበት ነው፣ ጥቁር እና የሚሸት ጭቃ ፈልግ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር አይጠፋም። ጓንት አድርግ። ጭቃውን ሰልፌት፣ ላክቴት (የላክቲክ አሲድ ጨው፣ ባክቴሪያው የሚበላው) እና ትንሽ ብረት ባለበት ምግብ ውስጥ ጨምረው፣ በቀናት ውስጥ ጥቁር ካለ ባክቴሪያው አለ፣ ከሱ አንዱን ለይተህ አሳድገው። ከዛ ሌላ ጭቃ በውሃ በጥብጠህ በ0.2 ማይክሮሜትር ፊልተር አሳልፈው፣ ባክቴሪያው እዛ ይቀራል፣ ፌጁ ያልፋል። እኩል ባክቴሪያ ያለባቸው ሁለት ጠርሙስ አዘጋጅና አንዱ ላይ ያጣራኸውን ጨምር፣ ሌላው ላይ ያንኑ የተጣራ ውሃ አፍልተህ አቀዝቅዘህ ጨምርበት። የተፈላው ጠቁሮ ያኛው ሳይጠቁር ከቆየ እጅህ ላይ የሆነ ነገር አለ፣ ካልጠቆረው ጠርሙስ ወስደህ እንደገና አጣርተህ አዲስ ባክቴሪያ ላይ ድገመው፣ ፌጅ ከሆነ እየተራባ ስለሚሄድ በአምስተኛው ዙርም ይሰራል። ባክቴሪያዎቹ ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት፣ ትዕግስት ይፈልጋል። ኦክስጅን በሌለበት ስለሆነ የሚያድጉት ጠርሙሱን እስከ አፉ ሙላው፣ አንዲት የአየር አረፋ እንኳ እንዳትቀር።