ባዶ ሆድ ሲባል ቡናም አይጠጣም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ46 ዓመት ሴት ነኝ። ቅባት የበዛበት ምግብ ስበላ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቴ ሥር ያመኛል፤ ሕመሙ እስከ ትከሻዬ ይሄዳል። የሐሞት ጠጠር ይሆናል ተብሎ አልትራሳውንድ ታዘዘልኝ። «በባዶ ሆድ ነይ» ብለውኛል። ጎረቤቴ ደግሞ «ብዙ ውሃ ጠጥተሽ፣ ሽንትሽን ይዘሽ ነው የምትሄጂው» ትላለች። የቱን ልስማ? የስኳር ክኒን እወስዳለሁ። ጠዋት ቡና ካልጠጣሁም ራሴን ያመኛል።

መልስ፦ ጎረቤትዎ የነገሩዎት የሌላ ምርመራ ዝግጅት ነው። ሽንት መያዝ የሚያስፈልገው ማህፀን ወይም የሽንት ፊኛ ሲታይ ነው። እርስዎ የታዘዘልዎ ለሐሞት ከረጢት ብቻ ከሆነ ሽንት መያዝ አያስፈልግም።

የሐሞት ከረጢት ከጉበት ሥር ያለች ትንሽ ከረጢት ናት። ጉበት የሚሠራውን ሐሞት ታጠራቅምና ቅባት ያለው ምግብ ሲመጣ ተኮማትራ ወደ አንጀት ትለቀዋለች። በልተው ከመጡ ተጨማዳ እናገኛታለን። ግድግዳዋ የወፈረ ይመስላል፣ ትንንሽ ጠጠሮችም ሊያመልጡን ይችላሉ። ባዶ ሆድ ከሆኑ ግን ሞልታ ትወጠራለች። ስክሪኑ ላይ ውስጧ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ጠጠሩ ነጭ ሆኖ ከበስተኋላው ጥላ ይጥላል። ባለሙያው «ትንፋሽ ይሳቡ፣ ይያዙ» የሚልዎት ከረጢቷ ከጎድን አጥንት ሥር ወርዳ በደንብ እንድትታይ ነው፤ «በግራ ጎንዎ ይተኙ» የሚልዎት ደግሞ ጠጠሩ ቦታ ሲቀይር ለማየት ነው።

ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ6–8 ሰዓታት ያህል መጾም ያስፈልጋል። የጠዋት ቀጠሮ ያስይዙ፤ ማታ ቀለል ያለ እራት በልተው ይተኙ፣ በቃ። «የጾም ምግብ ነው፣ ቅባት የለውም» ብለው ጠዋት ሽሮ ቢጤ የሚቀምሱ አሉ። ሽሮው ያለ ዘይት ተሠራ እንዴ?

ቡናው ላይ አዝናለሁ። ወተት ባይኖረውም ቡና ራሱ ከረጢቷን ያኮማትራል። ራስ ምታቱን ለጥቂት ሰዓት ይታገሱት፤ ምርመራውን እንደጨረሱ ቡናውን ይጠጣሉ። ማስቲካም ይቅርብዎ፤ አየር እንዲውጡ ያደርጋል፣ አየር ደግሞ ምስሉን ይጋርዳል። ጥቂት ውሃ መጎንጨት ግን ችግር የለውም። የደም ግፊት ክኒን ካለዎት በእሱ ይዋጡት።

ጥንቃቄ የሚፈልገው የስኳር ክኒንዎ ነው። እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለውን ውጠው ሳይበሉ ከቆዩ ስኳርዎ በጣም ሊወርድ ይችላል። የጠዋቱን መቼ እንደሚወስዱ ከቀጠሮው በፊት ያዘዘልዎትን ሐኪም ይጠይቁ። ቦርሳዎ ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ ይያዙ። ካላብዎት፣ ከተንቀጠቀጡ ወዲያው ይውሰዱ። ቀጠሮው እንደሆነ ወደ ሌላ ቀን ይለወጣል።

ምርመራው ራሱ አያምም፤ ጨረርም የለውም። ሆድዎ ላይ የሚቀባው ጄል ትንሽ ይቀዘቅዛል፣ ያ ነው። ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ሕመሙ ለሰዓታት አልለቅ ካለዎት፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ወይም ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ቀጠሮዎን አይጠብቁ። የዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በልተው ቢሆንም እዚያ ያዩዎታል።