ጥያቄና መልስ፦ የኤአይ ምስል የፈጠራ ሥራ ነው?

ደሴ ላይ በፎቶ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሰሞኑን የሚያገኘኝ ሁሉ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ስለሚሠራ ምስል ስለሚጠይቀኝ ጥያቄዎቹን ሰብስቤ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኤአይ የሠራው ምስል ከፎቶ እኩል ፈጠራ ነው?

መልስ፦ ፈጠራ ሊሆን ይችላል፤ ፎቶ ግን አይደለም። ፎቶ አንሺ ቦታው ላይ መገኘት አለበት። በክረምት ጦሳ ተራራ ላይ ወጥተህ ከተማዋን ላንሳ ስትል ጉሙ መጥቶ ሁሉን ይውጠዋል። ትጠብቃለህ። ድንገት ገለል ሲል የቆርቆሮው ጣሪያ ብልጭ ይላል፤ ወዲያው ተመልሶ ይዘጋል። ያቺን ቅጽበት ማንም አላዘዛትም። ኤአይን «ደሴ በጉም ውስጥ» ብትለው የሚያምር ነገር ይሰጥሃል፤ ያ ጠዋት ግን አልነበረም። የደሴውን አይጠየፍ አዳራሽ ሥራልኝ ብዬው ግሩም አዳራሽ ሠራልኝ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ግን ያ አይደለም። ልጆቻችን አይጠየፍን በዚያ ምስል እንዳያውቁት እሰጋለሁ።

ጥያቄ፦ ካሜራም እኮ ማሽን ነው። ቁልፍ መጫን ምን ፈጠራ አለው?

መልስ፦ ይህ ክርክር በ1884 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ጉዳዩ ፎቶ አንሺው ናፖሊዮን ሳሮኒ ያነሳው የደራሲው ኦስካር ዋይልድ ፎቶ ነበር። ፍርድ ቤቱም አቀማመጡን፣ ልብሱን፣ ብርሃንና ጥላውን ያሰናዳው ፎቶ አንሺው ነው ብሎ ፈረደለት። የእኔም መለኪያ ይኸው ነው፤ ምርጫው የማን ነው? ለኤአይ አንድ መስመር ትእዛዝ ጽፎ የመጣለትን የሚለጥፍ ሰው ብዙም አልመረጠም። ደጋግሞ እያረመ፣ እየጣለ፣ በእጁ እየጨመረ የሚሠራውን ግን ክብሩን አልነፍገውም።

ጥያቄ፦ ውድድር ላይ ባቀርበውስ?

መልስ፦ ሳትደብቂ አቅርቢ። በ2023 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ቦሪስ ኤልዳግሰን በኤአይ በሠራው ምስል የሶኒ የዓለም ፎቶግራፍ ውድድር ላይ አሸንፎ ሽልማቱን አልቀበልም አለ። የኤአይ ምስልና ፎቶ አንድ ላይ መወዳደር የለባቸውም ብሎ ነው። ልክ ነው።

ጥያቄ፦ የእኛ ሕግስ?

መልስ፦ የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ለፎቶግራፍ ጥበቃ ይሰጣል። መብቱም ሥራውን በአእምሮው ላፈለቀው ሰው ነው። ስለ ኤአይ በስም አያነሳም።

ጥያቄ፦ የሰርግ ፎቶዬን በኤአይ ታሳምርልኛለህ?

መልስ፦ ጀርባውን አጸዳልሻለሁ፣ ፊትሽን ግን አልነካም። አንዲት ሙሽራ በስልኳ አሳምራ ያመጣችውን አይቻለሁ። የሂናዋ ሐረግ ተለውጧል፣ ቀለበቷ የለም፣ ጉንጯ ላይ ያለችው ጠባሳ ጠፍታለች። እናቷ አይተው «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አሉ። ዋናው ፋይል እኔ ጋ ስለነበር አትሜ ሰጠኋቸው። አንቺም ዋናውን እንዳትሰርዢ።