የድሮውን ሀዲድ ነቅለው ጎጃም ቢተክሉልንስ?

ወንድማችን ከቡሬ ያነሳውን ጥያቄ አነበብኩ። «ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው የድሮው ሀዲድ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ነቅለው ጎጃም ቢተክሉልን በቆሏችንና ጤፋችን በባቡር አይወጣም ወይ? ለምንስ ሁሌ አዲስ ብቻ ይታሰባል?» ነው የሚለው።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ረዘም አድርጌ ልመልስ፣ ታገሱኝ። እኔ የደምበጫ ልጅ ነኝ። በጉርምስናዬ ሥራ ፍለጋ ድሬዳዋ ወርጄ ሀዲድ ጥገና ላይ 19 ዓመት ሠራሁ። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት።

አጭሩ መልስ፦ አይሆንም። በድሮው መስመር በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነው። ከሰበታ ጅቡቲ በሚሄደው አዲሱ ደግሞ 1435 ሚሊ ሜትር ነው። የጠባቡ ፉርጎ ሰፊው ላይ አይቆምም። ጎጃም ላይ ጠባቡን ብንዘረጋ፣ ዕቃችን ዋናው መስመር ጋ ሲደርስ ኩንታል በኩንታል ከፉርጎ ወደ ፉርጎ መገልበጥ ይኖርበታል። ያ ከሆነ ከመጀመሪያውም በመኪና ይሂድ። የድሮው መስመር የተጀመረው በፈረንጆች 1897 ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917። ለዚያ ዘመን ቀላል ባቡር የታሰበ ነው። የዛሬን ከባድ ጭነት አይችለውም።

«ለምን ሁሌ አዲስ ብቻ?» ያልከው ግን ልቤን ነክቶታል። እዚህ ላይ ልክ ነህ። እኛ ሪባን መቁረጥ እንወዳለን። ሀዲድ ግን እንደ ከብት ነው፤ በየቀኑ ጠባቂ ይፈልጋል።

ሥራችን ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ፀሐይ ሳትበረታ እንነሳለን። መዶሻና ትልቅ መፍቻ ይዘን በእግራችን ሀዲዱን እንከተላለን። ሀዲዱን በመዶሻ መታ ታደርገዋለህ። ጤነኛው እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ጥርት ብሎ ይጮኻል። የተሰነጠቀው ወይም ቡሎኑ የላላው ድምፁ ይታፈናል። ጆሮ ሲለምድ ከሩቅ ይለየዋል። ደግሞ ሙቀቱ አለ። 12 ሜትር የሆነ ሀዲድ ከሌሊቱ ብርድ እስከ ቀኑ ሐሩር በ40 ዲግሪ ቢለያይበት ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። ለዚህ ነው በየመገጣጠሚያው ክፍተት የሚተወው። ክፍተቱ በቆሻሻ ከተደፈነ ብረቱ መሄጃ ያጣና እንደ እባብ ይጣመማል።

ከሁሉም የሚያስፈራው ግን ውሃ ነው። አንድ ነሐሴ ላይ፣ ሌሊቱን ዘንቦ ያደረ ጠዋት፣ አንዲት ትንሽ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ጋ ደረስን። ጎርፉ ቁጥቋጦ አምጥቶ ቱቦዋን ደፍኗታል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ከሀዲዱ ሥር ያለውን አፈር ጠርጎ ሄዷል። ሀዲዱ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ልክ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ። ከሩቅ ላየው ሰው ምንም አልሆነም! ሁለታችን ቀይ ባንዲራ ይዘን በሁለቱም አቅጣጫ ሮጥን። ባቡሩ ቆመ። ያን ቁጥቋጦ ቀደም ብሎ ለማንሳት አንድ ሰውና አንድ ገጀራ ይበቃ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል።

ጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሀዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። ኩርባውን በፍጥነት ስለገባው ነው። እኔ ሥራ ስጀምር አንጋፋዎቹ ያን ኩርባ ሲያነሱ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር።

ወደ ጎጃም ልመለስ። ብዙ ሰው «አዲስ አበባ ቅርብ ነው፣ በደጀን ይምጣ» ይላል። እስኪ እናስላው። ከጎሃጽዮን አፋፍ እስከ ዓባይ ድልድይ የከፍታው ልዩነት ከ1300 ሜትር በላይ ነው። የጭነት ባቡር በ100 ሜትር ከ2 ሜትር በላይ ቁልቁለት ወይም ዳገት ይከብደዋል። ስለዚህ ለመውረድ ብቻ 65 ኪሎ ሜትር፣ ለመውጣትም 65 ያስፈልገዋል። መኪና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድበትን በረሃ ባቡር 130 ይሽከረከርበታል፤ ያውም በሚንሸራተት መሬት ላይ። የሀገሪቱ የባቡር ዕቅድ ሲነደፍም የኛው መስመር በወልድያ፣ በወረታና በባሕር ዳር አድርጎ ፍኖተ ሰላም እንዲደርስ ነበር የታሰበው። ወደብ ፍለጋ ወደ ምሥራቅ ማለት ነው። ለእህል ጫኝ እኔም ይሄን እመርጣለሁ።

መሬታችንም ሌላ ፈተና አለው። መረሬውን፣ ጥቁሩን የሸክላ አፈር፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ይነፋል። እሱ ላይ ጠጠር ደፍቶ ሀዲድ መዘርጋት ገንዘብ መቅበር ነው። ጠጠሩ ይሰምጣል፣ ጭቃው ወደ ላይ ይወጣል፣ ሀዲዱ ይዛነፋል። አፈሩ ተቆፍሮ መውጣትና በሌላ መተካት አለበት። ቦዩም ጥልቅ መሆን አለበት። ይሄን ወጪ መጀመሪያ ላይ የሸሸ ለዘላለም ሲጠግን ይኖራል።

ማዘመንም ከዚህ አይለይም። አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፣ ሀዲዱም የተበየደ ነው። በመዶሻ ፋንታ ድምፅን በብረት ውስጥ እያሳለፈ ስንጥቅ የሚፈልግ መሣሪያ አለ። ጠጠሩንም የሚጠቀጥቀው ማሽን ነው። ደስ ይላል። ግን ማሽኑም መለዋወጫ ይፈልጋል። የአዲስ አበባው የከተማ ባቡር መስከረም 2008 ዓ.ም. በ41 ባቡሮች ጀምሮ፣ ከዓመታት በኋላ ከግማሽ በላዩ ቆሞ ነበር። ዋናው ችግር መለዋወጫ ነው። የጅቡቲውን መስመር ደግሞ ቻይናዎቹ ለ6 ዓመት አንቀሳቅሰው በ2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ሠራተኞች አስረክበዋል። ይሄ በጣም ደስ ያሰኘኝ ዜና ነው። የኛ ልጆች ናቸው አሁን የሚነዱትና የሚጠግኑት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ስብሰባ ላይ ዕድል ካገኘህ «ባቡር መቼ ይመጣል?» ብለህ አትቀመጥ። ጥገናው በማን በጀት ነው? መለዋወጫው የት ይቀመጣል? የጥገና ጋራዡ የት ይሠራል? ስንት ልጅ ይሠለጥናል? ይሄን ጠይቅ። ቀያሾች ወደ ቀበሌያችሁ የመጡ ቀን ደግሞ ሽማግሌዎቹን ይዘህ ሂድ። ነሐሴ ላይ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ብር ወንዝ ሲሞላ እስከ የት እንደሚደርስ እነሱ ቆመው ያሳዩ። ቱቦዋ እዚያ ላይ ትቀመጥ።