በረኪናውን አስቀምጡት፣ ውሃ አፍሉ፦ ስለ ራኩን የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ባለፈው ስለ ጓሮ ጎመን ስጽፍ ራኩን የሚባለውን፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር ጭምብል ያለውን የአሜሪካ የዱር እንስሳ በአንድ መስመር ነካ አድርጌው አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ የሚደርሰኝ ጥያቄ ስለ ጎመኑ መሆኑ ቀርቶ ስለ ራኩኑ ሆነ። ያውም ስለ ሰገራው። እሺ፣ ቁርስ ላይ ያላችሁ በልታችሁ ተመለሱ።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር። ሜሪላንድ ቤት የገዛን ዓመት፣ ጓሮ ካለችው የዕቃ ማስቀመጫ ጣሪያ ላይ የሆነ ክምር አየሁ። "ውሻ እንዴት ጣሪያ ላይ ይወጣል?" ብዬ ትንሽ ተገረምኩና፣ ያለ ጓንት፣ ያለ ማስክ፣ መጥረጊያ ይዤ ወጥቼ የደረቀውን ሁሉ አቧራውን እያቦነንኩ አወረድኩት። ከዚያ አንድ ጋሎን በረኪና ደፋሁበት። ሰፈሩ በሙሉ በረኪና በረኪና ሸተተ። ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ፣ በአጥሩ በኩል ሲያዩኝ ቆይተው "እሱን እኮ ክሎሪን አይገድለውም" አሉኝ። ምኑን? የዛሬው መልስ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ከዴካችን (ከቤቱ ጋር ከተያያዘው የእንጨት በረንዳ) ስር ጥጉ ላይ በየቀኑ ክምሩ ይጨምራል። ጠርጌ በበረኪና አጠብኩት፣ ሽታውም ጠፋ። ይበቃል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

አይበቃም ወንድሜ። የጠፋው ሽታው ነው። ብዙ ራኩኖች አንጀታቸው ውስጥ ወስፋት አላቸው፤ የኛ አገሩ ወስፋት የሩቅ ዘመድ ነው፣ የሳይንስ ስሙ ቤይሊስአስካሪስ ይባላል። ይህ ወስፋት ያለበት አንድ ራኩን በቀን በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ከሰገራው ጋር ሊያወጣ ይችላል። እንቁላሉ በዓይን አይታይም፣ ያገኘው ነገር ላይ ይጣበቃል፣ አፈር ውስጥ ደግሞ ለዓመታት ይቆያል። በረኪናም ሆነ ሌላው የቤት ማጽጃ አይገድለውም። የሚገድለው ሙቀት ነው። 62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያልቅለታል፤ የፈላ ውሃ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው።

ደስ የሚለው ነገር ትኩሱ ሰገራ ወዲያው አይበክልም። እንቁላሉ ሰው ለመያዝ ደርሶ እስኪበስል ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጅበታል። ስለዚህ ዛሬ የታየውን ዛሬ ያነሳ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ጣጣው የሚመጣው "ቅዳሜ አነሳዋለሁ" እያልን ሦስት ቅዳሜ ስናሳልፍ ነው።

አነሳሱ እንዲህ ነው። የሚጣል ጓንት፣ ኤን 95 የሚባለው አቧራ የሚያጣራ ማስክ፣ የጎማ ቦት ጫማ። ልጆችና ውሻው ቤት ይግቡ። ከዚያ ክምሩ ላይ ውሃ ርጭት ርጭት አድርጉበት፤ ዓላማው አቧራው እንዳይቦን ነው፣ እንደ እኔ ደረቁን አትጥረጉ። በአካፋ ወይ እጃችሁን በገለበጣችሁት ፌስታል አንሱና በድርብ ፌስታል አስራችሁ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣሉት። ኮምፖስት (የማዳበሪያ ክምር) ውስጥ በጭራሽ አይገባም። ቦታው ሲሚንቶ ወይ እንጨት ከሆነ ትልቁን ብረት ድስት ጥዳችሁ፣ እየተንተከተከ እያለ አምጥታችሁ አፍስሱበት። ደጋግሙት፤ የፈላው ውሃ ከምድጃው ዴኩ ጋ እስኪደርስ ይበርዳልና ሩጡ፣ ግን እግራችሁን ጠብቁ። አፈር ከሆነ ላይ ላዩን ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ቆፍሮ አብሮ መጣል ይሻላል። አካፋውንና ቦቱን በፈላ ውሃ፣ ልብሱን በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ እጅን በደንብ። በከፍተኛ ግፊት ውሃ በሚረጨው ማሽን የሚያጥቡ ሰዎች አይቻለሁ። እሱ እንቁላሉን ግድግዳው ላይ መበተን ነው። በጋዝ እሳት ማቃጠልም ይሠራል፣ ዴክ ስር ግን የሚቃጠለው ቤታችሁ ነው። ለሌላም ቦታ ቢሆን መጀመሪያ እሳት አደጋ ደውሎ መጠየቅ ነው።

የውሻ ነው የራኩን የሚለውን እንዴት እንደምትለዩ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል። ራኩን ሽንት ቤት አለው። ቦታ ይመርጥና እዚያው ይመላለሳል፦ ዛፍ ስር፣ የወደቀ ግንድ ላይ፣ የማገዶ ክምር ላይ፣ ጣሪያ፣ አቲክ (ከጣሪያው ስር ያለው ባዶ ቦታ)። ሰገራው ጠቆር ያለ፣ ጣት የሚያህል ነው፣ ሽታው ከውሻም ይብሳል። የእኔው ጣሪያ ላይ የበቆሎው ፍሬ ሳይፈጭ፣ የእንጆሪው ዘር ከነነጠብጣቡ ይታይ ነበር።

ጥያቄ፦ የ2 ዓመት ልጄ ከዛፉ ስር አፈር ሲበላ ደረስኩበት። በኋላ ባለቤቴ ሲያይ ያ ቦታ የራኩን መጸዳጃ ነው። ልጁ ደህና ነው፣ ይጫወታል። ልጠብቅ? (ከአሌክሳንድሪያ)

አትጠብቂ እህቴ። ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ለልጁ ሐኪም ደውዪ።

አላስፈራራሽም፤ በሰው ላይ የታየው በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። ከያዘ ግን ክፉ ነው። የተዋጠው እንቁላል አንጀት ውስጥ ይፈለፈልና ትሉ ወደ ጉበት፣ ወደ ዓይን፣ ወደ አንጎል ይሄዳል። ምልክቱ የሚታየው ከ1 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፦ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ሲራመድ መንገዳገድ፣ ሰው ሲጠራው ልብ አለማለት። አንጎል ከተጎዳ በኋላ የሚሰጥ መድኃኒት የተጎዳውን አይመልስም። ለዚህ ነው ምልክት አይጠበቅም የምልሽ። መድኃኒቱ ቶሎ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ሲጀመር ነው የሚረዳው።

ስትደውዪ "ልጄ አፈር በላ" ብቻ አትበዪ። "የራኩን መጸዳጃ ያለበት አፈር ነው፣ ቤይሊስአስካሪስ ያሰጋኛል" በዪ። ብዙ ሐኪም በሕይወቱ አንድም አላየም፤ ስሙን ከሰማ ግን ይፈትሻል፣ ሲዲሲን (የአሜሪካን የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) ማማከርም ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አውቃችኋለሁና። መድኃኒቱ አልቤንዳዞል ነው። አዎ፣ ያው አገር ቤት ተማሪ ቤት አንዷን ፍሬ የሚያስውጡን። "ከአዲስ አበባ ያመጣሁት አለ" ብሎ ከሻንጣ አውጥቶ ለልጅ መስጠት ግን ሌላ ጥፋት ነው። እዚያ የሚሰጠው አንድ ጊዜ ነው፤ እዚህ በልጁ ክብደት ተሰልቶ በየቀኑ ለ10 ቀን እና ከዚያም በላይ ነው። በሐኪም እጅ ይሁን። ኮሶም አይሆንም፣ እማማ ቢያዙም።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ስለ ሌሎቹ ልጆች እነሱም አፈሩን ካልበሉ በስተቀር አትስጊ። የአሸዋ መጫወቻ ሳጥን ያላችሁ ደግሞ ማታ ማታ ክዳን ይኑረው።

ጥያቄ፦ እዚህ ሚኒያፖሊስ ስኖው አራት ወር ይተኛበታል። ብርዱ አይገድለውም?

አይገድለውም። የሚኒሶታ ብርድ እኔን ገድሎኝ ነበር፣ ይህን እንቁላል ግን ማንቀላፋት እንጂ ሌላ አያደርገውም። በረዶው ሳይወርድ አንሱት።

ጥያቄ፦ አቲካችን ውስጥ ሌሊት ሰው የሚሄድ ይመስላል። ቀዳዳውን ልድፈነው?

ቆይ። ወሩ የጸደይ ከሆነ እናቲቱ ግልገሎች ይዛ ሊሆን ይችላል። እሷ ውጭ ሳለች ከደፈንከው ግልገሎቹ ውስጥ ይቀራሉ፣ እሷም ጣሪያውን ቦጭቃ ትገባለች። ለዚህ ሥራ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጥራ። ከወጡ በኋላ ያለው ጽዳትም የራስ ሥራ አይመስለኝም፤ ሙቀት መከላከያው ጥጥ ከተበከለ ተጠራርጎ መውጣት አለበት፣ አቲክ ደግሞ አየር የለውም፣ አቧራው ወዴትም አይሄድም። የቤት ቫኪዩም ይዘህ እንዳትገባ። ተከራይ ከሆንክ ለአከራይህ በጽሑፍ አሳውቅ፤ በስልክ የተባለ ነገር ይረሳል።

ጥያቄ፦ ውሻችን ሰገራውን አሸተተ፣ ላስ ላስም ሳያደርግ አልቀረም። የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ይሆን? (ከአትላንታ)

በሰገራ አይተላለፍም። የእብድ ውሻ በሽታ መንገዱ ምራቅ ነው፣ ማለትም ንክሻ። እርግጥ በምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል ራኩን ይህን በሽታ ከሚሸከሙት አንዱ ነውና ፍርሃትዎ ያለ ምክንያት አይደለም። ውሻው ክትባቱ ይታደስ። ራኩን እርስዎን ወይ ልጅዎን ከነከሰ ወይ ከቧጨረ ግን ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበው ቀጥታ ሆስፒታል። ምልክት ከጀመረ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፣ አገር ቤት ያደግን ሁሉ ይህን በዓይናችን አይተናል።

የላሰው ነገር የሚያሳስበኝ በሌላ በኩል ነው። ውሻም የራኩኑን ወስፋት ሊይዝና እንቁላሉን በራሱ ሰገራ ግቢያችሁ ውስጥ ሊበትን ይችላል። ለእንስሳት ሐኪሙ ይንገሩትና የትል መድኃኒቱን በየጊዜው ይውሰድ።

ጥያቄ፦ ጎመን ከዘራሁበት መደብ አጠገብ ነው የሚጸዳዳው። ጎመኑን ልጣለው?

ሰገራው ራሱ ያረፈበትን ቅጠል ጣይው። የቀረውን በደንብ አጥበሽ ቀቅዪ፣ የሀበሻ ጎመን መቼም ሳይበስል አይቀርብም፣ እሳቱ ይጨርሰዋል። የምፈራው ሰላጣውንና ጤና አዳሙን ነው። መታጠብ ብቻውን አያስተማምንም፣ እንቁላሉ ይጣበቃል። ክምሩ አጠገብ ያለውን ጥሬ አትብዪ። ጤና አዳሙን ሌላ ቦታ ትከዪው።

ጥያቄ፦ በወጥመድ ይዤ ጫካ ወስጄ ልለቀው አስቤያለሁ። (ከፎልስ ቸርች)

ቨርጂኒያ ውስጥ የዱር እንስሳን ይዞ ሌላ ቦታ መልቀቅ ሕገ ወጥ ነው። ብትለቀውም በሳምንቱ ሌላ ይመጣል፣ ምክንያቱም የሚያመጣው ምግቡ ነው። የቆሻሻ ገንዳው ክዳን ይታሰር፣ የውሻው ምግብ ማታ ይግባ፣ ከጥብስ በኋላ አጥንት ሳር ላይ አይቅር። የፋሲካ ሌሊት አጥንቱን ዴክ ላይ ትታችሁ የተኛችሁ፣ እናንተ ናችሁ የጋበዛችሁት።

ጥያቄ፦ እኛ ጀርመን ካስል ነን። ይህ የአሜሪካ ጉዳይ ነው ወይስ እኛንም ይመለከታል?

ይመለከታችኋል፣ ያውም እናንተን በተለይ። ጀርመን ራኩን አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በ1934 በእናንተው ክፍለ ግዛት በሄሰን ውስጥ፣ ኤደርሴ በሚባለው ሐይቅ አጠገብ ሁለት ጥንድ ተለቀቁ፤ ዛሬ ካስል በራኩን የታወቀች ከተማ ናት። የሄሰን ራኩኖች ወስፋቱም አላቸው። የጻፍኩት ሁሉ እንዳለ ይሠራላችኋል።

ጥያቄ፦ ራኩን በአማርኛ ማን ይባላል? አባቴ ጥርኝ ነው ብለው ድርቅ አሉ።

አገራችን ስለሌለ ስም አልወጣለትም። ጥርኝ ሌላ እንስሳ ነው፣ ያ ዝባድ የሚወጣለት። ግን አባትሽን ቶሎ አትርቺ፤ ጥርኝም ልክ እንደ ራኩን አንድ ቦታ እየተመላለሰ ነው የሚጸዳዳው። ምናልባት እሱን አይተው ይሆናል። እኛ ቤት ዓይኗ ላይ ስላለው ጥቁር ጭምብል ስሟ "ሌባዋ" ነው። ሌሊት የገንዳው ክዳን ሲንኳኳ ልጄ ከአልጋዋ "አባ፣ ሌባዋ መጣች" ትለኛለች፣ እኔም ጠዋት ውሃ እጥዳለሁ።