ሚሳኤል ሠርቼ ከማገኘው ደመወዝ አሥራት ባወጣስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? አሜሪካ የምኖር መሐንዲስ ነኝ። አንድ አዲስ ድርጅት ሊቀጥረኝ ነው። ገበያ ላይ በሚገኙ ዕቃዎች ርካሽ ክሩዝ ሚሳኤል (እንደ አውሮፕላን እየበረረ ሄዶ ዒላማው ላይ የሚፈነዳ መሣሪያ) ይሠራሉ። የእኔ ድርሻ የበረራ መቆጣጠሪያውን ሶፍትዌር መጻፍ ነው። የምተኩሰው እኔ አይደለሁም። ኃጢአት ይሆንብኛል? ከደመወዙ አሥራት ባወጣስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመፈረምህ በፊት መጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ደመወዙን ከለመደ በኋላ ነው።

«የምተኩሰው እኔ አይደለሁም» ካልከው ልጀምር። ዳዊት በኦርዮ ላይ ሰይፍ አልመዘዘም፤ እንዲሞት የሚያዝ ደብዳቤ ነው የጻፈው። ደብዳቤውን ለጦር አዛዡ ለኢዮአብ ያደረሰውም ራሱ ኦርዮ ነበር (2ኛ ሳሙ. 11)። ነቢዩ ናታን ግን በአሞን ልጆች ሰይፍ የገደልከው አንተ ነህ አለው። አንተን ከዳዊት ጋር አላስተካክልህም፤ እርሱ ሆን ብሎ ንጹሕ ሰው አስገድሏል። ርቀት ብቻውን ከደም ነጻ እንደማያወጣ ግን ልብ በል።

መሣሪያ መሥራት ሁሉ ኃጢአት ነውም አልልህም። ወታደሮች መጥምቁ ዮሐንስን «ምን እናድርግ?» ሲሉት ግፍ እንዳይሠሩና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው ነገራቸው እንጂ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም (ሉቃ. 3፥14)። ቅዱስ ባስልዮስም በጦርነት የገደለን ከነፍሰ ገዳይ አልቆጠረውም። ሆኖም ሦስት ዓመት ከቁርባን ቢታቀብ መልካም ነው ሲል መክሯል። አገርን መጠበቅ አለ፤ ደም ግን ቀላል ነገር አይደለም።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ርካሽነቱ ነው። ቶማሃውክ የተባለው የአሜሪካ ክሩዝ ሚሳኤል አንዱ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 ብሩስ ሲምሰን የተባለ ኒውዚላንዳዊ ግን በኢንተርኔት ታዘው በሚመጡ ዕቃዎች፣ ከ5,000 ዶላር ባነሰ ወጪ እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። ዓላማው አደጋውን ማሳየት እንደሆነ ተናግሯል። ዛሬ ነገሩ ከማሳየት አልፏል። ዩክሬን ውስጥ የወደቁ፣ ሩሲያ የምትልካቸው ሻሄድ የተባሉ ፈንጂ ተሸካሚ ድሮኖች ሲፈቱ ለሲቪል ገበያ የተሠሩ ተራ ቺፖች ተገኝተውባቸዋል። ቺፑን የሠራው ሰው ሌሊት የሰው መኖሪያ ፎቅ ላይ ይወድቃል ብሎ አላሰበም። አንተ ግን የምትሠራው ምን እንደሆነ ከወዲሁ ታውቃለህ።

ኦሪት አዲስ ቤት የሠራ ሰው ጣራው ላይ መከታ እንዲያደርግ ታዝዛለች፤ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን (ዘዳ. 22፥8)። አስተውል፣ ባለቤቱ ማንንም አልገፋም። መከታ ባለማድረጉ ብቻ ይጠየቃል። አንተም ድርጅቱን ጠይቅ። ለማን ነው የሚሸጠው? ገዢው ለሌላ አሳልፎ እንዳይሰጥ ምን ውል አለ? ዒላማውን ሰው ያረጋግጣል ወይስ ማሽኑ ብቻውን ይወስናል? ከተተኮሰ በኋላ ማክሸፍ ይቻላል? መልሱ «ያ የገዢው ጉዳይ ነው» ከሆነ፣ ወንድሜ፣ እንጀራህን ሌላ ቦታ ፈልግ። አንተን የመሰለ ባለሙያ ሥራ አያጣም።

አሥራትን በተመለከተ፣ አሥራት ገንዘብ ማጽጃ አይደለም። በርኩሰት የተገኘ ዋጋ ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ተከልክሏል (ዘዳ. 23፥18)። ሥራው ንጹሕ ከሆነ አውጣ፤ ካልሆነ ከአሥር አንዱን ብትሰጥም ዘጠኙ አይጸዳም።

ቁርባንን ግን በራስህ ፍርድ አትተው። ንስሐ አባትህ ዘንድ ሂድና ሥራውን ሳትሸፋፍን ንገራቸው። «የኮምፒውተር ሥራ ነው» ብለህ አትለፈው። የሚበረው ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሸከምና ለማን እንደሚሸጥ በግልጽ አስረዳቸው። እስከዚያው አትፈርም።