ኮከብ ራጅ ይነሳል?

አንድ የጎንደር የፊዚክስ መምህር እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «ካሲዮፒያ ኤ ስለሚባለው የፈነዳ ኮከብ ቅሪት ሳስተምር ‹ቻንድራ የሚባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ራጅ አነሳው› አልኩ። ተማሪዎቼ ሳቁ። ጥፋቴ ‹ራጅ› ማለቴ ነው? ‹ኤክስሬይ› ልበል ወይስ ‹ኤክስ-ጨረር›?»

መምህር፣ ራጅን አይንኩብኝ! ጥፋቱ ግሱ ላይ ነው። ሆስፒታል ራጅ ስንነሳ ጨረሩ የሚመጣው ከማሽኑ ነው፤ ሰውነታችንን አልፎ የአጥንታችንን ጥላ ያሳያል። ካሲዮፒያ ኤ ላይ ግን ማንም ጨረር አላበራበትም። 11,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ ማን ያበራበታል? ጋዙ ሚሊዮን ዲግሪዎች ስለጋለ ራጁን የሚረጨው ራሱ ነው። ቻንድራ እ.ኤ.አ. በ1999 መሃሉ ላይ ያሳየን ነጠብጣብ፣ ከፍንዳታው የተረፈችው ጥቅጥቅ ያለች ኒውትሮን ኮከብ ማለቴ ነው፣ እሷም የምትታየው በገዛ ሙቀቷ ነው። ስለዚህ «ራጅ ተነሳ» ይቅርና «በራጅ ታየ» ይበሉ።

ራጅ የጣሊያንኛው «ራጂ» ነው፤ ጨረሮች ማለት። እሱም ከላቲኑ «ራዲዩስ» ይወርዳል፤ ከመንኮራኩር መሃል ወደ ዳር የሚዘረጋው እንጨት ነው። ሬዲዮ የአጎቱ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

«የጣሊያን ቃል ይቅርብን፣ ኤክስ-ጨረር እንበል» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት ፒያሳ ተቀምጠው፣ ማኪያቶ አዝዘው ነው! ደግሞስ «ኤክስ» የማን ናት? ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ጨረሩን ሲያገኝ ምንነቱ ስላልታወቀ የለጠፈባት ምልክት ናት። እርግጥ ጣሊያኖቹም «ራጂ ኢክስ» ነው የሚሉት፤ ጭራውን የቆረጥነው እኛ ነን። እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቼ ትንሽ እውነት አላቸው። ትንሽ!

«ቅሪት» ማለትዎን ወድጄዋለሁ። «ፍርስራሽ» የሚሉት አይጥመኝም። የጎንደር ሰው ፍርስራሽ ሲባል የሚታየው ባለበት የተቀመጠ ድንጋይ ነው፤ ይህ ጋዝ ግን በሰከንድ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ይወነጨፋል። እንዲያውም በትክክል «ቀረች» የምትባለው መሃል ያለችው ኮከብ ናት። ስፋቷ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ከፀሐይ የሚበልጥ ክብደት ታጭቆባታል። በሴት አንቀጽ የጠራኋት ለትንሽነቷ ነው፤ አማርኛችን ትንሽ ነገርን እንዲህ ያቆላምጣል።

ተማሪዎችዎ መሳቃቸው አይገርመኝም። ራጅ ለእነሱ የሆስፒታል ቃል ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ ክፍል ውስጥ የለመዱት «ኤክስሬይ»ን ነው። እሺ፣ ፈተና ላይ እንዲያ ብለው ቢጽፉ ነጥብ አይቀንሱባቸው። እኔ ግን ራጅ ማለቴን አልተውም።