ልጄ ሕንድ ልቡን ታክሞ ከተመለሰ 4 ዓመት ሆነው፤ ስለ መመለሱ ጠይቁኝ

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ልጄ በ3 ዓመቱ ሕንድ ሄዶ ልቡን ኦፕራሲዮን ሆነ። ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት የሚባለው፣ አራት የልብ ችግር አንድ ላይ የሚመጣበት በሽታ ነበረበት። ሱቅ ድረስ ስንሄድ ጥቂት ተራምዶ ቁጢጥ ይላል፤ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል። ያኔ ስለ መሄዱ የሚያስረዳኝ ሰው ሞልቶ ነበር። ስለ መመለሱ ግን ማንም አልነገረኝም። ሐኪም አይደለሁም፤ ጥያቄያችሁን እያስቀደምኩ፣ ያየሁትንና ሐኪሞቹ ያስተማሩኝን ነው የምመልሰው።

ከተመለስን 10 ቀናችን ነው። ሴት ልጄን ማቀፍ ፈራሁ።

እንኳን በሰላም ገባችሁ እህቴ! ብብቷን ይዘሽ ብቻ አታንሻት። አንድ እጅሽን ከጀርባዋ፣ ሌላውን ከመቀመጫዋ ሥር አድርገሽ እንደ አራስ ልጅ እቀፊያት። የደረት አጥንቷ እስኪገጥም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። ታክሲ ላይ ደግሞ ረዳቱ "ነይ ሚጣ" ብሎ በእጇ ስቦ ሊያስገባት ይችላል። ቀድመሽ ንገሪው።

ጠያቂው በዛ። እንዴት እንከልክል?

እኛ በር ላይ ውሃና ሳሙና አስቀመጥን። አማቴ እዚያው ቁጭ ብላ "ጉንፋን ያለበት ከደጅ ይመርቀን" ትል ነበር። ቡናውንም ከልጁ ራቅ አድርገን ኮሪደር ላይ አፈላን፤ ጭሱ እንዳያስለው። የተቀየመን የለም።

የልጅ ልጄን ጠበል ላስጠምቀው? ቁስሉንስ ቅቤ ልቀባው?

አባቴ፣ ቅቤ አይቀቡት። ቁስሉ ጠግጎ እስኪዘጋ ድረስ ደረቅና ንጹሕ መሆን አለበት። እኛ ጠበል ወስደነው ስለታችንን ያደረስነው ከ3 ወር በኋላ፣ ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ ሲፈቅድ ነው። መድኃኒቱን ግን በምንም ምክንያት እንዳያቋርጡበት፤ እለምንዎታለሁ።

ድኗል ተብለናል። ክትትሉ ለምን?

ይኼ ጥያቄ ስለመጣ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለፋሎት የታከመ ልጅ፣ ደም ወደ ሳንባ የሚያሳልፈው ቫልቭ (የልብ በር) ብዙ ጊዜ ያፈስበታል። የእኔም ልጅ ያፈስበታል። አሁን አላስቸገረውም፤ ከዓመታት በኋላ ግን ሌላ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ያንን በጊዜ የሚያሳየው ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ ነው። በቀጠሮው ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እንነሳለን፤ ከኮዬ ከተማ መሀል ለመድረስ መንገዱ ረጅም ነው። ደክሞኝ ልቀር ያሰብኩበት ጊዜ አለ። አልቀረሁም።

ወረቀታችሁን ጠብቁ። አንድ ቦታ የልጄ ካርድ ጠፍቶ "ምን እንደተሠራለት አናውቅም" ተባልን። ያዳነን ባለቤቴ ስልኩ ላይ ያነሳው የሕንዱ ማስረጃ ፎቶ ነው። ዋናውን ቤት አስቀምጡ፤ ኮፒውን ይዛችሁ ዙሩ።

ጥርሱ ተበላሽቷል። ላስነቅለው?

መጀመሪያ የልብ ሐኪሙን ጠይቂ፤ ለጥርስ ሐኪሙም ንገሪ። የአፍ ጀርም በደም አድርጎ ልብ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። አንዳንድ ልጅ ቀድሞ አንቲባዮቲክ መውሰድ አለበት።

የእኔ ልጅ የሩማቲክ ነው፤ ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ ቫልቭ የሚጎዳው። የብረት ቫልቭ ገብቶለት፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ይወስዳል። ጎመን ይከልከል?

አብረውን ሕንድ የነበሩ እናቶች የተማሩትን ልንገርሽ። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ያዳክማል። ጨርሶ መከልከል የለበትም፤ መጠኑ ግን አንዴ ብዙ፣ አንዴ ባዶ አይሁን። ጾም ሲገባ ቤቱ በጎመን ይሞላልና ያኔ ተጠንቀቂ፤ የደም ምርመራውንም አትዝለይ። ሩማቲኩ እንዳያገረሽ በየ4 ሳምንቱ የሚወጋውን ፔኒሲሊንም ቫልቭ ተቀየረ ብለሽ አታቁሚ።

ትልቋ ልጄ ተቀየረችብኝ። ትነጫነጫለች።

አይ እህቴ፣ ይኼንንስ አውቀዋለሁ። የእኔዋ 8 ዓመቷ ነበር። 2 ወር አያቷ ጋ ትተናት ሄድን። ስንመለስ ሰው ሁሉ ለወንድሟ ብስኩት ይዞ ይመጣል። አንድ ማታ "እማዬ፣ እኔንም ደረቴን ያመኛል" አለችኝ። ቁልፏን ፈትቼ አየሁላት። ጆሮዬን ደረቷ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችን ብቻ ፓስቲ ልንበላ እንወጣለን። ወንድሟ አይመጣም።

ይሩጥ ወይስ አይሩጥ?

ሐኪሙ ከፈቀደ ይሩጥ። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ሌሊት እየተነሳሁ ትንፋሹን አዳምጥ ነበር። ኳስ ሲጫወት በመስኮት "በቃ ግባ!" እያልኩ እጣራለሁ። ሐኪሟ "ልቡን አክመነዋል፤ አሁን ከጨዋታ የምታግጂው አንቺ ነሽ እንጂ ልቡ አይደለም" አለችኝ። አለቀስኩ፤ ግን ተውኩት። ሲደክመው ራሱ ቁጭ ይላል። ትኩሳት፣ የፊት ወይም የእግር እብጠት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ወይም የከንፈር መጥቆር ካየሽ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ውሰጂው። ኦፕራሲዮኑ ካለፈ ሳምንታት ቢሆነውም ልብ ዙሪያ ውሃ ሊቋጠር ይችላል።

ለዛሬ ላቁም፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሊመጡ ነው። ያልመለስኩላችሁን ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ እመልሳለሁ።